ስለ እባብና ስለ ቤታችን ዙሪያ

በሸነን ከተማ ለተሰበሰበው ሕዝብ የተደረገ የትምህርት ንግግር



 እንድናገር የተጋበዝሁበት ጉዳይ፥ በጅባት ጫካ ጥግና በዙሪያው ባሉት ቀበሌዎች፥ እንዲሁም ከዚህ እስከ አምቦና እስከ ጉደር ባሉት ከተሞች የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ ከደጃፉ፥ ከማገዶው ክምር፥ ከጎተራው ሥር፥ አልፎ አልፎም ከመኝታው አጠገብ የሚያገኘውን እባብ እንዴት ለይቶ እንደሚያውቀውና ባገኘውም ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባው ለማስረዳት ነው። ከእባብ ጋር ወዳጅነት ግጠሙ ብዬ ልሰብክላችሁ አልመጣሁም፤ ፍርሃታችሁንም አልነቅፍም፤ ፍርሃት ፈጣሪ ለሕይወታችን ዘብ አድርጎ ያቆመልን ነውና። ነገር ግን ይህ ዘብ የቆመበት በር ትክክለኛው በር መሆኑን እንድንመረምር እወዳለሁ፤ እኛ እስከ ዛሬ የፈራነው እባቡን ነው እንጂ እባቡን ወደ ቤታችን የሚጠራውን አይጥ፥ ከነደፈም በኋላ በከንቱ የሚያልፈውን ሰዓት አልፈራንምና።

ስለዚህ በመጀመሪያ ስለ እባብ ከአበው የወረስነውን በአጭሩ እመለከታለሁ፤ ቀጥዬ በአገራችን ያሉትን እባቦች ስለ መለየት፥ ከዚያም ስለ ቤትና ስለ ግቢ አያያዝ፥ በመጨረሻም የተነደፈ ሰው ስለሚረዳበት መንገድ እናገራለሁ። የመጨረሻው ክፍል ሰፋ ብሎ ይገኛል፤ የሰው ሕይወት የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው በእርሱ ስለ ሆነ ነው።

በአገራችን የእባብ ስም የሚነሣው ከአዳምና ከሔዋን ውድቀት ጋር ብቻ አይደለም። የአክሱም ጥንታዊ ትውፊት፥ ከንግሥት ማክዳ ዘመን አስቀድሞ ሕዝቡ አርዌ ለተባለ ታላቅ ዘንዶ ይገዛና ይገብር እንደ ነበረ ይተርካል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይም ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎኑን በጦር ሲወጋ ተሥሎ እናየዋለን። በሌላ ወገን ደግሞ ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ ወደ ደብረ ዳሞ አምባ የወጡት በዘንዶ ረዳትነት እንደ ነበረ ገድላቸው ይናገራል፤ ሙሴም በምድረ በዳ የናሱን እባብ በሰቀለ ጊዜ የተነደፉት ወደ እርሱ እየተመለከቱ እንደ ዳኑ በኦሪት ዘኍልቍ ተጽፏል፤ ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን ወደ ስብከት ሲልክ የእባብን ልባምነት አርአያ አድርጎ ጠቅሶላቸዋል። እንግዲህ አበው ስለዚህ ፍጥረት የነበራቸው አሳብ ጥላቻ ብቻ አልነበረም፤ የሚያስፈራውን ከሚያስደንቀው ጋር አስተባብረው ይዘውት ኖረዋል።

ከዚህ ውርስ ውስጥ ግን ዛሬ መመርመር የሚገባው አንድ ነገር አለ። እፉኝት በምትወልድበት ጊዜ ልጆችዋ ሆድዋን ቀድደው ስለሚወጡ እናቲቱ ትሞታለች የሚለው ነገር ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ነው፤ ይህም አነጋገር ከጽርእ ወደ ግእዝ በተመለሰው ፊሳልጎስ በሚባለው የጥንት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። መጽሐፉ የእንስሳትን ጠባይ ለመንፈሳዊ ምሳሌ የሚጠቀምበት ስለ ሆነ ምሳሌነቱን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን የተፈጥሮው እውነት እንዲህ ነው፦ ከእባቦች ብዙዎቹ እንቁላል ሲጥሉ፥ እፉኝት ግን እንቁላሉን በሆድዋ ይዛ ቆይታ ሕያዋን ልጆችን ትወልዳለች፤ ብዙውን ጊዜም ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ ልጆችን ወልዳ እናቲቱ በሕይወት ትሄዳለች። የጥንት ሰዎች ያዩት አላሳሳታቸውም፤ የሳቱት በአፈታቱ ነው። ለእኛ ለባለቤቶች የሚጠቅመን ምሥጢር ግን ሌላ ነው፤ የእፉኝት ልጆች ከተወለዱበት ሰዓት ጀምሮ የመርዝ ጥርስና መርዝ ስላላቸው በግቢ ውስጥ ጣት የምታህል እፉኝት ያየ ሰው በመጠንዋ አነስተኛነት ተታልሎ በእጁ ሊያነሣት፥ ልጆቹም ሊጫወቱባት አይገባም።

ስለ እፉኝት ሌላ ምስክር ደግሞ ከግብረ ሐዋርያት አነሣለሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ ከመርከብ መሰበር ድኖ በመላጥያ ደሴት ሳለ ጭራሮ ሰብስቦ ወደ እሳት ሲጨምር ከጭራሮው ውስጥ ከሙቀቱ የተነሣ እፉኝት ወጥታ እጁን እንደ ያዘች በ28ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። የደሴቲቱም ሰዎች ሰውነቱ ያብጣል፥ ወይም ወድቆ ይሞታል ብለው ይጠባበቁ ነበር። በዚህ ታሪክ የእግዚአብሔር ተአምራት ዋናው ነገር ነው፤ ነገር ግን በጎኑ የተጻፈውን የኑሮ ዕውቀት እናስተውል። እፉኝት በማገዶ መካከል እንደምትደበቅ፥ ብርድ ያደነዘዛት ሙቀት ሲነካት እንደምትነቃ፥ የምትነድፈውም የሰበሰበውን እጅ እንደ ሆነ፥ የመርዝዋም ምልክት እብጠት እንደ ሆነ ሁሉም በአንድ አንቀጽ ውስጥ ይገኛል። እንጨት ለቅመው የሚመለሱት እናቶቻችንና እኅቶቻችን የዚህን አንቀጽ ትርጓሜ በየዕለቱ በእጃቸው ይዘውት ይገባሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል እናልፋለን፤ ይኸውም እባብን ከእባብ ስለ መለየት ነው።

ምዕራብ ሸዋ ደጋውን፥ ወይና ደጋውንና ቆላውን አስተባብሮ የያዘ አገር ነው። የወንጪ ተራራ ከባሕር ወለል 3,386 ሜትር ከፍ ይላል፤ አምቦ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ወይና ደጋ ላይ ተቀምጧል፤ የጉደር ወንዝ ደግሞ ወደ ሰሜን እየወረደ ከዓባይ ሸለቆ ይገባል። እባብ የሰውነቱን ሙቀት ከፀሐይና ከመሬት የሚቀበል ፍጥረት እንደ መሆኑ በብርዱ ደጋ ቁጥሩም ዓይነቱም ያንሳል፥ ወደ ቆላም በወረድን መጠን ይበዛል። ስለዚህ አንድ ሰው ከቆላ ወጥቶ ስለ እባብ የነገራችሁን ሁሉ በዚህ ባለው ላይ አታውሉት፤ እንዲሁም ከዚህ ተነሥቶ ለሥራ ወደ ቆላ የሚወርድ ወጣት በደጋ የለመደውን ቸልተኝነት ይዞ አይውረድ። በአማራ ክልል በአብድራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው ማኅበር በእባብ ከሚነደፉት መካከል ሰሊጥና ማሽላ ለመሰብሰብ የመጡ የቀን ሠራተኞችን ሲያክም ቆይቷል፤ እነዚህ ሠራተኞች የሚያድሩት በእርሻው መካከል በመሬት ላይ ነው።

ብዙ ሰው መርዛሙን እባብ ከሌላው የሚለይበት አንድ ምልክት ንገሩን ብሎ ይጠይቃል። ራሱ ሦስት ማዕዘን የሆነው መርዛም ነው፥ የዓይኑ ብሌን እንደ ስንጥቅ የቆመው መርዛም ነው፥ ደማቅ ቀለም ያለው መርዛም ነው ሲባል እንሰማለን። እነዚህን ምልክቶች አትመኑአቸው ብዬ በግልጽ እነግራችኋለሁ። የዓይኑ ብሌን የቆመ ከሆነ መርዛም ነው ካልን፥ አይጥ የሚበላው ምንም መርዝ የሌለው የቤት እባብ ዓይኑ እንዲሁ ስለ ሆነ ያለ ኃጢአቱ ይገደላል፤ የዓይኑ ብሌን ክብ የሆነው ደግሞ መርዝ የለውም ካልን፥ የኮብራና የማምባ ዓይን ክብ ስለ ሆነ በዚህ ሕግ የታመነ ሰው ይሞታል። ወፍራምና ራሰ ሰፊ የሆነው ብቻ ያስፈራ ቢባልም ማምባ ቀጭንና ራሰ ጠባብ ነው። ከዚህም በላይ እንቁላል ብቻ እየዋጠ የሚኖር አንድ እባብ በአገራችን አለ፤ ይህ ፍጥረት ጥርስ የለውም ሊባል የሚችል ሆኖ ሳለ፥ ጠላት ሲመጣበት ሰውነቱን ጠምዝዞ ቅርፊቱን ከቅርፊቱ ጋር እያፋተገ እንደ እፉኝት ያፏጫል፥ መልኩም ወደ እፉኝት የቀረበ ነው። የዋሁ አስፈሪውን መስሎ፥ አስፈሪው የዋሁን መስሎ በሚታይበት በዚህ ሥነ ፍጥረት ውስጥ በአንድ ምልክት መፍረድ ፍርደ ገምድል መሆን ነው።

የሚሻለው መንገድ የአካባቢውን ጥቂት አደገኞች በጠባያቸው ማወቅ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ እፉኝትን እወቁ። አጭርና ወፍራም ናት፥ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ብዙ አትበልጥም፤ ጅራትዋ ድንገት የቀጠነ አጭር ነው፥ በጀርባዋ ላይ ከራስ እስከ ጅራት ድረስ የማዕዘን ቅርጽ ያላቸው ጥቁርና ቢጫማ መስመሮች ተደርድረዋል። የእፉኝት ትልቁ አደጋ ፍጥነትዋ ወይም ቁጣዋ ሳይሆን አለመሸሽዋ ነው። ሌላው እባብ የሰው እግር ሲያንቀጠቅጠው ከመንገድ ዘወር ሲል፥ እርስዋ ግን መልክዋ ከደረቅ ቅጠልና ከአፈር ጋር አንድ ስለ ሆነ በዚያው ተኝታ ትቀራለች፤ በመሸም ጊዜ ፀሐይ ሲያሞቀው በዋለ መንገድ ላይ ትጋደማለች፤ ጫማ የሌለው እረኛ ወይም ያለ መብራት ወደ ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው ይረግጣታል። ሆድዋን ነፍታ ስታፏጭ የሰማ ሰው ዕድለኛ ነው፤ በዚያው ቆሞ ድምፁ ከወዴት እንደ መጣ ከለየ በኋላ ወደ ኋላው ይመለስ።

ኮብራ ከዚህ የተለየ ነው። ረጅምና ለስላሳ ሆኖ ሲሸሽ ታዩታላችሁ፤ መሸሻ ሲያጣ ግን የፊት አካሉን ከመሬት አንሥቶ አንገቱን ያሰፋል። ከኮብራዎች መካከል መርዙን ወደ ዓይን የሚተፋ ዓይነት በአገራችን ስላለ፥ አንገቱን ያነሣ እባብ ካያችሁ ልጆቹን አርቁ፥ ፊታችሁንም መልሱ። መርዙ ጤነኛ ቆዳ ላይ ቢያርፍ አይጎዳም፤ በዓይን ውስጥ ከገባ ግን ዓይንን ያሳውር ዘንድ ስለሚችል ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ሳያቋርጡ ማጠብና ከዚያ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ማምባ የቆላ እባብ ነው፤ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱ ሰዎች ግን ረጅም፥ ቀጭንና ግራጫማ፥ የአፉም ውስጥ ጥቁር የሆነ እባብ ካዩ በጭራሽ አይቅረቡት።

ስለ ደን ነዋሪዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ የምንኖርበት ምድር ገና ተመርምሮ ያላለቀ መሆኑን ያሳያልና። በደቡብ ምዕራብ ደጋማ ጫካዎች የምትኖረው፥ በጥቁር ላይ ቢጫና አረንጓዴ ቅርጽ ያላት የኢትዮጵያ የተራራ እፉኝት በሊቃውንት መዝገብ የገባችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ነው፤ የባሌው የሐረና ጫካ እፉኝት ደግሞ የተመዘገበችው በ2016 ነው። ሁለቱም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኙም። ሊቃውንት በመሣሪያና በመጽሐፍ ታግዘው ለመለየት ይህን ያህል ዘመን ከፈጀባቸው፥ በጭላንጭል ብርሃን በቅጽበት ያየነውን እባብ ስሙን አውቃለሁ ብሎ የሚደፍር ሰው ድፍረቱን ይቀንስ። ከሦስት ሜትር ያላነሰ ርቀት ለማንኛውም እባብ በቂ ፍርድ ነው፤ ስሙን ያወቀም ያላወቀም በዚያ ርቀት ይድናል።

ከዚህ ቀጥዬ ወደ ቤታችን እገባለሁ። እባብ ወደ ሰው ቤት የሚመጣው ሰውን ፈልጎ አይደለም፤ ሰው ምግቡ አይደለም፥ መርዙንም ለአደን የተቸገረበት ሀብቱ ስለ ሆነ በከንቱ ማፍሰስ አይወድም። የሚመጣው ለሦስት ነገር ነው፤ ለምግብ፥ ለመሸሸጊያና ለሙቀት። ጤፉ ታጭዶ በአውድማ በሚከመርበት፥ በቆሎውም ወደ ጎተራ በሚገባበት ወራት አይጥ ከእርሻ ወደ ቤት ይከተለናል፤ አይጡን ደግሞ እባቡ ይከተለዋል። ስለዚህ በጎተራችን ሥር እባብ ባየን ጊዜ በመጀመሪያ ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ፥ ይህ አይጥ ከወዴት ገባ የሚለው ነው። እባቡን ገድለን አይጡን ብንተው በሚቀጥለው ወር ሌላ እባብ ይመጣል፤ አይጡን ብናጠፋ ግን እባቡ ሳንነካው ይሄዳል። እንዲያውም መርዝ የሌለውን የቤት እባብ የገደለ ገበሬ እህሉን በነጻ ይጠብቅለት የነበረውን ሠራተኛ አሰናበተ ማለት ነው።

የሚደረገው ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ ትጋት ግን ይፈልጋል። ጎተራው በእንጨት እግር ከመሬት ከፍ ይበል፥ በእግሮቹም ላይ አይጥ የማያሻግር ቆርቆሮ ይጠቅለል። የጭቃው ግድግዳ ስንጥቅና በበሩ ሥር ያለው ክፍተት ይመረግ። የማገዶውና የኩበቱ ክምር ከቤቱ ግድግዳ ተለይቶ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ እንጨት ሲነሣም መጀመሪያ በበትር ተነቅንቆ፥ ከዚያ በእጅ ይያዝ። በቤቱ ዙሪያ ያለው ሣር ይታጨድ፥ ካብ ያለው ሰው የካቡን ቀዳዳ ይድፈን፥ በግቢው ያለውም የአይጥ ጉድጓድና አሮጌ ኩይሳ ይደልደል። የዶሮው ቆጥ ከመኝታ ክፍል ይራቅ፤ ጫጩትና እንቁላል እባብን ይጠራል፥ የረገፈውም ጥሬ አይጥን ይጠራል። በእንሰት ተክል ውስጥ የደረቀ ቅጠል የሚሰበስቡ ሴቶች እጃቸውን ከማስገባታቸው በፊት በዱላ ይፈትሹ። ማታ ከቤት የሚወጣ ሰው ባትሪ ይያዝ፥ ጫማም ያድርግ፤ በእርሻ ላይ የሚሠራም ቦቲ ቢያገኝ ከሁሉ ይሻለዋል፤ እባብ የሚነድፈው ብዙውን ጊዜ ከቁርጭምጭሚት በታች ነውና።

ስለ መኝታ ለብቻው እናገራለሁ። ቁርበት አንጥፎ በመሬት ላይ የሚተኛ ልጅ በአልጋ ወይም በመደብ ላይ ከሚተኛው ይልቅ ለአደጋ የቀረበ ነው። ስለ ወባ የተሰጠን አጎበርም ጫፉ ከፍራሹ ሥር በደንብ ከተጎዘጎዘ እባብንም ያግዳል፤ ይህም በኔፓል በተደረገ ጥናት ታውቋል፤ በዚያ አገር ሌሊት በመሬት የተኙትን የሚነድፍ እባብ ስላለ በአጎበር ውስጥ ያደሩት ሰዎች ተጠብቀው ተገኝተዋል።

ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በቤት ውስጥ መበተንን በሚመለከት ብዙዎቻችሁ ጥያቄ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እነዚህ ነገሮች ለሌላ ሕመም ያላቸውን ዋጋ አልክድም፤ ነገር ግን ሽታቸው እባብን ሌሊቱን ሙሉ ከቤት እንደሚያርቅ የሚያሳምን ማስረጃ የለም። ጉዳቱም ፌጦው ራሱ አይደለም፤ ፌጦ የበተነ ሰው ግድግዳውን ሳይመርግ በእርጋታ መተኛቱ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እባብ ከቤት ውስጥ ቢገኝስ? ልጆችንና ከብቶችን አስወጡ፤ አንድ ትልቅ ሰው በሩቅ ቆሞ ዓይኑን ከእባቡ ሳያነሣ ይጠብቅ፤ ወደ ውጭ የሚያወጣውን በር ከፍታችሁ ወደ ሌላ ክፍል የሚያስገባውን ዝጉ፥ ጊዜም ስጡት። መውጫ ያገኘ እባብ ይወጣል። ወደ ጥግ ገብቶ የማይወጣና ለቤተሰቡ የሚያሰጋ ከሆነ ግን፥ መግደል ግድ ሲሆን፥ ቦቲ ያደረገ አንድ ሰው ረጅም በትር ይዞ በበቂ ብርሃን ይሥራው፤ ሌላው ሁሉ ይራቅ። ሠፈሩ ሁሉ ዱላ ይዞ በአንድ ጊዜ ሲረባረብ የሚነደፍ ሰው አይጠፋም። የሞተውንም በእጅ አትንኩ፤ የተቆረጠ የእባብ ራስ እንኳ ለጊዜው ሊነክስና መርዝ ሊያስገባ ይችላል።

አሁን ወደ መጨረሻው ክፍል ደርሰናል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእባብ ይነደፋሉ፤ ከነዚህ መርዝ የሚገባባቸው ከ1.8 እስከ 2.7 ሚሊዮን ሲሆኑ፥ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱት ይሞታሉ። እነዚህን ቁጥሮች ቀስ ብላችሁ አስተውሉአቸው። መርዝ የሚገባባቸው ቢበዛ ከተነደፉት ግማሾቹ ናቸው፤ የነደፈው እባብ መርዝ የሌለው ሊሆን ይችላል፥ መርዛሙም እባብ ቢሆን ጥርሱን ብቻ አስገብቶ መርዙን ሳያፈስ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህ ነገር የሚያስረዳውን ታላቅ ቁም ነገር በአንድ ታሪክ ላሳያችሁ። አልቤር ካልሜት የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በሳይጎን ሲሠራ ሳለ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 1891፥ በዝናሙ ወራት፥ በዛሬይቱ ቬትናም ደቡብ ባክ ሊዩ አጠገብ የምትገኝ አንዲት መንደር በጎርፍ ምክንያት በኮብራ ተወረረች፤ ከውሃው የሸሹት እባቦች ወደ ጎጆዎቹ ገብተው 40 ሰዎችን ነደፉ፥ ከእነርሱም 4ቱ ወዲያው ሞቱ። ካልሜት ከዚያ በኋላ ባደረገው ምርምር በ1894 የመጀመሪያውን የእባብ ፀረ መርዝ መድኃኒት ካገኙት ሊቃውንት አንዱ ሆነ፤ በዚያው ዓመትም ፊዛሊክስና ቤርትራን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ወደዚያው ውጤት ደርሰዋል። እኔ ግን ጎርፍ ወደ ደረሰባት መንደር ልመልሳችሁ። በዚያች መንደር ሥር የሚያኝክ ወይም ጥቁር ድንጋይ በቁስል ላይ የሚያጣብቅ አንድ አዋቂ ኖሮ ቢሆን፥ በማግስቱ ከሞት ለመትረፉ የሚመሰክሩለት 36 ሰዎች በኖሩት ነበር፤ እርሱም ሳይዋሽ፥ እነርሱም ሳይዋሹ፥ መድኃኒቱ ግን ምንም ሳይሠራ።

የአገራችን መድኃኒት አዋቂዎች አታላዮች ናቸው ብዬ አልናገርም፤ ብዙዎቹ በቅን ልቡና ያገኙትንና ከአባታቸው የወረሱትን የሚሰጡ ናቸው፥ ብዙ ሰውም በእጃቸው ሲድን አይተዋል። ነገር ግን ያየነው መዳን የማን እንደ ሆነ ለማወቅ መርዝ የገባበትን ካልገባበት መለየት ያስፈልጋል፤ ይህ ልዩነት ደግሞ በዓይን አይታይም። አሥር ሰው ባዳነው ሥር የታመነ አባት፥ አሥራ አንደኛው የገዛ ልጁ ሲሆን፥ መርዙም በእርግጥ የገባ ሲሆን፥ የመዳኛውን ሰዓት በሥሩ ላይ ያባክነዋል። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ጸሎትና ጠበልን በሚመለከት እንዲህ እላለሁ። ጸሎቱን በመንገድም፥ በመኪናም፥ በሆስፒታሉ በርም መጸለይ ይቻላል፤ ጠበሉንም ከሐኪም ቤት ሲመለሱ መጠመቅ ይቻላል። ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደ ሆነ መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ አስቀድሞ ስላስተማረን በሃይማኖትና በሕክምና መካከል የምንመርጥበት ምክንያት የለም።

የተነደፈውን ሰው በመጀመሪያ ከእባቡ አርቁት፥ አስተኙት፥ አጽናኑትም። ቀለበት፥ አምባር፥ አልቦና ጫማ እብጠቱ ሳይጀምር ይውለቅ። የተነደፈው እግር ወይም እጅ እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ በጨርቅ ይያዝ። በእግሩ አይሂድ፤ እየሮጠም አይምጣ። ቢያስመልሰው በጎኑ ይተኛ። የነደፈበት ሰዓት ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ካለም በእብጠቱ ጠርዝ ላይ በየጊዜው ምልክት ይደረግ፥ ሐኪሙ የመርዙን ግስጋሴ ከዚያ ያነባልና። በምላጭ መብጣት፥ በአፍ መምጠጥ፥ በእሳት መተኮስ፥ ጋዝ መቀባት፥ አረቄ ማጠጣት ሁሉም ጉዳት ብቻ ነው። በገመድ ማሰርን በተለይ እከለክላለሁ፤ የእፉኝት መርዝ ሥጋን የሚያበላሽ ስለ ሆነ በታሰረው አካል ውስጥ ደም ተቋርጦ መርዙም ተከማችቶ ሲቆይ፥ ሕይወቱ የተረፈው ሰው እግሩን የሚያጣበት ጊዜ አለ። እባቡን ለማሳየት ብላችሁ ልታሳድዱት አትሂዱ፤ ሁለተኛ ሰው ይነደፋል። ከሩቅ በስልክ ፎቶ ማንሣት ከተቻለ ይበቃል።

ምልክቱ እንደ እባቡ ይለያያል። እፉኝት ከሆነች እብጠቱ እየሰፋ ሕመሙ ይጸናል፥ ደምም ሊፈስ ይችላል። ከኮብራዎች መርዙ ነርቭን የሚይዘው ዓይነት ወይም ማምባ ከሆነ ግን ቁስሉ ትንሽ ሆኖ ሳለ የዓይን ሽፋን ይከብዳል፥ ንግግር ይተሳሰራል፥ ምራቅ መዋጥ ያቅታል፥ በመጨረሻም ትንፋሽ ይቆማል፤ ስለዚህ ቁስሉ አላበጠም ብሎ መዘግየት የሚያሳስት ነው። ምንም ምልክት ያልታየበት ሰው እንኳ በጤና ተቋም ውስጥ 24 ሰዓት ሊጠበቅ ይገባዋል። በጤና ጣቢያ የምትሠሩ ልጆቻችን የምታውቁት ቀላል ምርመራ አለ፤ ጥቂት ደም በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ 20 ደቂቃ ሳይነቃነቅ ቆይቶ ካልረጋ፥ መርዙ የደሙን መርጋት አጥፍቷል ማለት ነው። ለዚህ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አያስፈልግም።

ፀረ መርዙ የሚዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ ከፈረስ ደም ነው፤ ጥቂት በጥቂት የእባብ መርዝ የተሰጠው ፈረስ የሚያበጀውን መከላከያ ለሰው ማድረስ ማለት ነው። ሰውነት በድንገት ሊቆጣበት ስለሚችል ፀረ መርዙ በደም ሥር የሚሰጠው፥ አድሬናሊን በተዘጋጀበት ሐኪም ቤት ብቻ ነው፤ ማንም በቤቱ ገዝቶ አያስቀምጠው። ለሕፃንም የሚሰጠው መጠን ከአዋቂው አያንስም፤ እባቡ ለሕፃን ብሎ መርዙን አይቀንስምና። ደግሞም ሁሉም ፀረ መርዝ ለሁሉም እባብ አይሠራም። ለአፍሪካ እባቦች በሰፊው ይሠራ የነበረውን ፋቭ አፍሪክ የተባለ መድኃኒት ሠሪው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ማምረት አቁሞ የመጨረሻው ክምችት በ2016 ጊዜው አለፈበት፤ ገዢዎቹ ድሆች ስለ ሆኑ ትርፍ አላስገኘም ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በ2017 የእባብ ንድፊያን ከተረሱት የሐሩር አገር በሽታዎች ተራ አገባው፤ በ2019ም ሞቱንና የአካል ጉዳቱን እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ ዕቅድ አወጣ። ይህ ዕቅድ ከጄኔቭ ተነሥቶ እስከ ጅባት መንደር የሚደርሰው ግን እኛ ስንጠይቅ ነው።

ስለዚህ ለየእድራችሁ ዳኞችና ጸሐፊዎች የማቀርበው ልመና አለኝ። የተነደፈ ሰው ባለበት ሌሊት ፀረ መርዝ ከየት ይገኛል ብሎ መጠየቅ ዘግይቶ መጠየቅ ነው። በሚመጣው የእድር ስብሰባ ሁለት ሰዎች ተመርጠው ወደ ጤና ጣቢያውና ወደ አምቦ ሆስፒታሎች ሄደው መድኃኒቱ የሚገኘው በየትኛው እንደ ሆነ፥ ጊዜው የሚያልፍበትንም ወር ይጠይቁ፤ ካለቀም ወረዳው እንዲያስመጣ በጽሑፍ ያመልክቱ፥ መልሱንም በየሦስት ወሩ ለእድሩ ያንብቡ። የእድሩ ቃሬዛ ሁልጊዜ በአንድ በታወቀ ቤት ይቀመጥ፤ ተሸካሚ ወጣቶችም በየጎጡ በተራ ይመደቡ። በሌሊት ለመሄድ ፈቃደኛ የሆነ ባለ መኪና ስምና ስልክ፥ ከአምቡላንሱ ስልክ ጋር፥ በእድሩ መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ የኪራዩም ገንዘብ አስቀድሞ ከእድሩ ሣጥን እንዲወጣ ይወሰን፥ ቤተሰቡም በኋላ ይተካው።